አምስት አምስት ድንጋይ

ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ፊሽካዬን ደበቀችብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠዋት ስነሳ ሳላስበው አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ግቢውን እዞራለሁ፤ ያን ቀን የጎረቤት ዶሮ አጥራችንን ሾልካ ስትገባ ነፋሁባት። አስናቀች ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ደሳለኝ፣ ዶሮዋ ከጨዋታ ውጪ ናት ወይስ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፊሽካው የት እንደገባ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሥራ የፈታ ወንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያስቸግር ገብቷት መሰለኝ፣ በማግስቱ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። «ለሰው ሁሉ የምታወራውን እዚህ ላይ ጻፈው» አለች።

ለሰው የማወራው ስለ ጎሎቼ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ስጠጣ የሚያገኙኝ እኩዮቼ በቴስታ ያስቆጠርኳትን አንዲት ጎል ዛሬም ያነሷታል። የቆምኩበት ቦታ በየዓመቱ ከግቡ እየራቀ ስለሚሄድ፣ አሁን እነሱ እንደሚሉት ከመሐል ሜዳ ነው በጭንቅላቴ የመታኋት። አልከራከራቸውም። ደብተሩን ስከፍት ግን እጄ ስለ ጎል መጻፍ እንቢ አለኝ። አርባ ምናምን ዓመት በተጫዋችነትና በአሰልጣኝነት ስኖር ከሁሉ በላይ የከበደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የተናገርኩትም ከሜዳው ጥግ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ውሸት ነበር። በእሱ ምክንያት ምትኩ የሚባል ልጅ ስሙ ጠፋ፣ ከአባቱም ተለያየ። ይህን ሳላስተካክል ጡረታ ልወጣ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ የመጨረሻዎቹን የሥራ ወራት ሰላም ነስቶኝ ነበር።

ስለ ድንጋዮቹ ለመናገር ከጋሽ ዘለቀ መጀመር አለብኝ። ጋሽ ዘለቀ የመጀመሪያ አሰልጣኜ ናቸው፤ ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር ወደ አርባ ምንጭ የወረዱ የሸማኔ ልጅ። ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ይውላሉ፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን የእኛ ናቸው። የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ከትተው፣ ኮታቸውን የግቡ ቋሚ ላይ ሰቅለው ይጠብቁናል። ጮኸው አያውቁም። ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል። በጣም ሲናደዱ ጭራሽ ስለማይሰማ፣ ምን እንዳሉ ለማወቅ ጠጋ ማለት ነበረብን፤ ጠጋ ያለ ደግሞ ጆሮውን ይያዛል።

በአሥራ አምስት ዓመቴ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ደረቴን ነፍቼ «አጥቂ ነኝ» አልኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ደግ። መጀመሪያ አምስት ድንጋይ ልቀም» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሕጉ ነው። ሜዳችን ከዳገት ሥር ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ድንጋይ ያወርድበታል። ማንም ኳስ ከመንካቱ በፊት ጎንበስ ብሎ አምስት ድንጋይ ለቅሞ ከመስመር ውጪ ያወጣል። በረኛውም፣ አምበሉም፣ ጋሽ ዘለቀ ራሳቸውም። «ይሄ ድንጋይ ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» ብዬ አንድ ቀን ስጠይቃቸው፣ «ዝናቡን ጠይቀው» አሉኝ። የነገሩ ትርጉም የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ጓደኛህ የሚወድቅበትን ድንጋይ አንስተህለት ስታበቃ ኳስ ልትከለክለው ያሳፍርሃል።

ከለቀምነው ውስጥ ትልልቁን እየመረጡ ከሾላው ሥር በክብ ደረደሩት። በደጋው ጋሞ ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ቦታ አለ፤ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እያዳመጠ፣ ነገር ሳይበርድ የማይነሱበት። ጋሽ ዘለቀ ያንን ነው ወደ ኳስ ሜዳ ያወረዱት። በጨዋታ ማግስት ሁላችንም እንቀመጣለን። ቅሬታ ያለው ይናገራል። ስሙ የተነሳው ሰው «የምትለው አለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሲያበቃ ተጨባብጠን፣ ድንጋያችንን ለቅመን ልምምድ እንጀምራለን። ክልክሉ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ተቀምጦ መዋሸት። ደጋ ላይ ጎሜ ይሉታል። የተደበቀ ጥፋት በአፍ ካልወጣ ከሰውየው ጋር ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከብቱንም ልጁንም ይነካል ነው እምነቱ። ጋሽ ዘለቀ ስለ ጎሜ ሰብከውን አያውቁም። ስብሰባው ሲበተን ግን አንዱን ለይተው ቀስ ብለው፣ «ድንጋዩ ቆረቆረህ እንዴ?» ይሉታል። እኔ ራሴ ጫሞ ሐይቅ ዳር ስዋኝ ውዬ «እናቴ ታማ ነው የቀረሁት» ያልኩ ቀን ይህችን ጥያቄ ጠይቀውኝ፣ «በጣም ቆረቆረኝ ጋሼ» ብዬ ተናዝዣለሁ። ስቀው ሁለት ሳምንት በረኛ አደረጉኝ። ለአጥቂ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም።

አጥቂነትን ያስተማሩኝ ከግቡ ጀርባ ቆመው ነው። አሰልጣኝ ሁሉ መስመር ዳር ሲቆም እሳቸው መረቡን ተጠግተው በረኛው የሚያየውን ያያሉ። «ፊቱን አትየው፣ ፊት ያታልላል፤ እግሩን እየው» ይሉኛል። በረኛ ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው የሚያዛውርባት ቅጽበት አለች። ያኔ ኳሷን ክብደቱ ባረፈበት እግር በኩል ከላክሃት፣ እየተንከባለለችም ብትሄድ አይደርስባትም። ኳስ ስትጠብቅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከትከሻህ ኋላ ማየት አለብህ፤ አንዴ ኳሷ ከአማካዩ እግር ሳትነሳ፣ አንዴ መንገድ ላይ ሳለች። እኛ ሜዳ ላይ የነጠረች ኳስ ወዴት እንደምትሄድ ራሷም አታውቅም። ስለዚህ ከነጠረች በኋላ መጠበቅ የለም፤ ልክ መሬት ስትነካ መምታት ነው። ይህችን ለመልመድ አንድ ሙሉ በጋ ፈጅቶብኛል፤ የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ዛሬም ጠማማ ነው።

በእነዚህ ሦስት ነገሮች ዓመታት ኖርኩ። ሁለቱን ዓመት ሻሸመኔ ላለ ቡድን ተጫውቼ ነበር። ብርዱን አልቻልኩትም ብዬ ተመለስኩ፤ እውነቱ ግን አስናቀች አርባ ምንጭ ነበረች። ደመወዝ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ «ይመጣል» ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ እግሬ ከሐሳቤ ኋላ መቅረት ጀመረ። ሌላው ከማስተዋሉ በፊት ጋሽ ዘለቀ አስተዋሉት። አንድ ማታ ልምምድ ሲያልቅ ኮታቸውን ከቋሚው አንስተው ለበሱና፣ «ከነገ ጀምሮ የአንተን ስቀል» አሉኝ። አሰልጣኝነት የተሾምኩት በዚህች ንግግር ነው፤ ደብዳቤው የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር።

አሰልጣኝነት ለአጥቂ ከባድ ሥራ ነው። ሁልጊዜ «እኔ ብሆን ኖሮ» ትላለህ። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቼ በእኔ እግር እንዲጫወቱ እፈልግ ነበር፤ ትዕግሥትም አልነበረኝም። ጋሽ ዘለቀ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው እየደከመ ነበር፤ ቢሆንም ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ልምምዱን በጆሯቸው ይከታተላሉ። «ያ ልጅ ኳስ የሚመታው በጣቱ ነው» ይሉኛል፤ ሄጄ ሳይ እውነታቸውን ነው።

ምትኩን መጀመሪያ «ሰማሁት» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። «የአዲሱ ልጅ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው» አሉኝ። ምትኩ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከጨንቻ የመጣ የሸማኔ ልጅ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጎን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ በሁለቱም እግሩ የሽመናውን መርገጫ ሲረግጥ ስላደገ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር የሚባል ነገር አያውቅም። የሚመታበትን እግር መምረጥ እንኳ አላስፈለገውም፤ ኳሷን በመጣችበት ይመታታል። እንዲህ ያለ አጥቂ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት።

አባቱ ጋሽ ወልዴ ኳስ አይወዱም ነበር። ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ አብረውት ወርደው እጁን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ቁጭ በሉ ብንላቸው እንቢ አሉ። «ልጄን ለኳስ አልሰጠሁም። ላንተ ነው የሰጠሁህ» አሉኝና በመጡበት ሚኒባስ ተመለሱ። ምትኩ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረ። ልጅ ስላልነበረን አስናቀች ካልሲውን እያጠበች፣ ሳህኑ ላይ ከእኔ የበለጠ እየጨመረች አሳደገችው። «አጥቂው ማን እንደሆነ አትርሺ» ስላት፣ «አንተማ ጡረተኛ ነህ» ትለኝ ነበር፤ ገና ያኔ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ወደ ላይኛው ሊግ የምንወጣበት የመጨረሻ ጨዋታ እሑድ ነበር። ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ምትኩ ግቡ አጠገብ ጠበቀኝ። ሌላ ሰው አልነበረም፤ የቡድኑ ወጌሻም ለቅሶ ሄዷል። «ኮች፣ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ስዞር ይንሸራተታል» አለኝ። ተንበርክኬ በእጄ ነካሁት። አብጧል። ተጫዋች የነበርኩ ሰው ነኝ፣ ያ እብጠት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያለ እሱ ጎል የሚያገባልኝ አልነበረም። «እስከ ዕረፍት ብቻ ተጫወትልኝ። ዕረፍት ላይ አወጣሃለሁ» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ራሴ በፋሻ አሰርኩለት፣ ለማንም እንዳይነግርም አስጠነቀቅኩት።

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ጀመርን። ከዕረፍት በፊት ምትኩ በግራ እግሩ አገባ። ሕዝቡ አበደ። ለዕረፍት ሲወጡ ፋሻ የታሰረበትን ጉልበቱን በእጁ ይዞ ወደ እኔ አየ። እኔ የውሃውን ጀሪካን አየሁ። ምንም አላልኩም፤ ዝም በማለቴም ወደ ሜዳ ተመለሰ። በሁለተኛው አጋማሽ ማንም ሳይነካው፣ ብቻውን ለመዞር ሲሞክር ወደቀ። እስከ ተጠባባቂ ወንበር ድረስ ተሰማ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። አንድ ለዜሮ አሸንፈን ወጣን። ሰው ትከሻ ላይ ተሸክሞኝ ሲጨፍር እኔ ቃሬዛው ወዴት እንደሄደ እፈልግ ነበር።

በማግስቱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ምትኩም መጣ፤ እግሩን ሌላ ድንጋይ ላይ ዘርግቶ። የቡድን መሪው፣ «ልጁ ጉዳት እንዳለበት የሚያውቅ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ለላይኛው ሊግ ቡድኑን ይዤ እንድቀጥል ጠዋት ነግረውኝ ነበር። ልጅ የሰበረ አሰልጣኝ እንደማያቆዩ ገባኝ። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ዛሬም አልፈልግለትም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አልነገረኝም። ደብቆ ነው የገባው» አልኩ።

«ምትኩ፣ የምትለው አለህ?» አሉት ጋሽ ዘለቀ እንደ ደንቡ።

ምትኩ ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። እየጠበቀኝ ነበር።

«የለኝም» አለ።

ሰዉ ሲበተን ጋሽ ዘለቀ በከዘራቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። ዓይናቸው ጨርሶ አያይም ነበር። «ደሳለኝ፣ ድንጋዩ ቆረቆረህ እንዴ?» አሉኝ። «አይ ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲህ እኔ ነኝ ያረጀሁት» አሉና ተነሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ድንጋዩ አልመጡም፤ በዚያው ዓመት አረፉ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ስለ ምትኩ ጉልበት የሆዴን ልነግራቸው የነበረኝ ዕድል በዚያ አበቃ።

ክለቡ «ደብቆ ለተጫወተ አልጠየቅም» ብሎ ለሕክምናው እጁን ሰበሰበ። ወሬው ሁለት ቀን ሳይሞላው ጨንቻ ደረሰ፤ ምትኩ ታላቅ ክለብ ሊገባ ጓጉቶ ሕመሙን ደበቀ ተባለ። እሱ ዕቃውን ከቤታችን ይዞ ወጥቶ ወደ ጫሞ ዳር ወረደ። መጀመሪያ መረብ ጎታች፣ በኋላ ዓሣ ነጋዴ ሆነ። እኔ ዓሣ መብላት ተውኩ። አስናቀች ሆዴን ያመመኝ መስሏት ስንት ሐኪም ቤት ወስዳኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቀላ ገበያ የዓሣውን ተራ እየዞርኩ አለፍኩ። ቡድኑን ከላይኛው ሊግ አውርጄ፣ መልሼ አውጥቼ፣ ደግሞ አውርጄ፣ በየክረምቱ አዲስ ልጆችን ድንጋይ እያስለቀምኩ ኖርኩ። «እዚህ መዋሸት ክልክል ነው» እያልኩ አስተምራቸው ነበር። ይህን ስናገር ያለማፈሬ ዛሬም ይገርመኛል።

የጡረታዬ ወራት ሲቃረብ ክለቡ የስንብት ዝግጅት እንደሚያደርግ ነገረኝ። ያን ዕለት ምሳ ላይ አስናቀች፣ «ምትኩን ጥራው እንጂ። ልጃችን አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ መለስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ሳህኑን አነሳች፣ አጠበች፣ ተመለሰችና፣ «አሥራ አንድ ዓመት ያንን ልጅ ‹ለምን ዋሸኸኝ› እያልኩ በልቤ ስቀየመው የኖርኩት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያም ጫማዬን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

ጫሞ ዳር ስደርስ ጀልባዎቹ ገብተው ፒካፑ ዓሣ እየጫነ ነበር። ምትኩ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ አምባዛ ይበልታል። ወፍሯል፤ ጢሙ ላይ ሽበት አለ።

«ኮች፣ ዓሣ ፈልገው ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«አይደለም። ያኔ ሐሙስ ዕለት… ነግረኸኝ ነበር።»

«አውቃለሁ እኮ። የነገርኩዎት እኔ ነኝ።»

ቢላዋውን ማንቀሳቀሱን አላቆመም። ያኔ ድንጋዩ ላይ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት።

«ሁለት ዓመት ከቤትዎ በልቻለሁ። ሰው ፊት ውሸታም ልበልዎት? እርስዎ ራስዎ ይናገሩታል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ፣ ከዚያ አንድ ወር። ከዚያማ ሥራ ያዝኩ።»

«ይቅርታ ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

ያኔ ቀና አለ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እውነቱን አውቀዋለሁ። የማያውቀው አባቴ ነው። ሠርጌ ላይ አልመጣም። ሴት ልጅ አለችኝ፣ አላያትም። ‹ለጥቅም ብሎ እግሩን ሰበረ፣ ለሰጠሁት ሰውም ዋሸ› ነው የሚለው። ኮች፣ ይቅርታውን እዚህ አይጨርሱት። ጨንቻ ይውጡ።»

በማግስቱ ወጣሁ። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር ሙቀቱ ከኋላ ቀረ፤ ቀርከሃውና እንሰቱ ጋ ስንደርስ ጉም ነበር። ከመውረጃው ብዙም ሳልርቅ ከመንገድ ዳር ለምለም ሣር ነጨሁ። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው አይገፋም። አስናቀች ናት ያሳሰበችኝ፤ እኔ ከተማ ኖሬ ረስቼው ነበር።

ጋሽ ወልዴ ሽመናቸው ላይ ነበሩ፣ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ። ሣሩን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። ተንበረከክሁ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ጉልበቱን እንዳመመው ነግሮሃል?» አሉኝ።

«ነግሮኛል።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«ጨዋታው ግን እሑድ ነው።» በጣታቸው ቆጠሩ። «ዓርብ። ቅዳሜ። እሑድም ጠዋት አለ።» ጣቶቻቸውን አጠፉ። «ላንተ ነበር የሰጠሁህ።»

አለቀስኩ፤ በስድሳ ዓመቴ፣ አፈር ላይ፣ እንደ ሕፃን። ጋሽ ወልዴ ለረጅም ጊዜ ያላለቀውን ቡልኮ እያዩ ቆዩ። ከዚያ ሣሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። «የአንተን ቃል ሰማሁ፣ የልጄን አልጠየቅኩም። ይሄ የእኔም ጎሜ ነው» አሉ። መወርወሪያውን ድሩ መሐል ትተው፣ በእጃቸው ተደግፈው ከጉድጓዱ ወጡ። «የሚወርደው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

አብረን ወረድን። ሲቀላ ላይ ለባጃጁ ልጅ ወደ ጫሞ እንዲያደርሳቸው ነግሬ እኔ ቀረሁ። እዚያ አባትና ልጅ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ መጠየቅም አይገባኝም። አስናቀች ያን ማታ ዓሣ ጠበሰች። በላሁ።

የስንብቱ ቀን ክለቡ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ማይክሮፎን አዘጋጅቶ ነበር። «የእኔ ንግግር እዚያ ነው» ብዬ ወደ ሾላው ሥር ሄድኩ። ሰዉ እያጉረመረመ ተከተለኝ። ጋሽ ወልዴ በዚያ ሐሩር ቡልኳቸውን ደርበው፣ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ጫፉን ይዛለች። «የእሱ የትኛው ነው?» አሉኝ። የምትኩን ድንጋይ አሳየኋቸው፤ ከልጅቷ ጋር ከጎኑ ተቀመጡ። ምትኩ እያነከሰ መጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልተቀመጠበት ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋ። የጋሽ ዘለቀን ድንጋይ ባዶውን ተውነው።

የተናገርኩት አጭር ነው። ሐሙስ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ አሰርኩለት፤ ዕረፍት ላይ ፊቴን አዞርኩ፤ ማግስቱን እዚሁ ተቀምጬ ዋሸሁ። ወጣቶቹ ተጫዋቾቼ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። የዱሮው የቡድን መሪ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ጀመር። እንደ ደንቡ ወደ ምትኩ ዞርኩ።

«ምትኩ፣ የምትለው አለህ?»

ምትኩ አባቱን አየ፣ ሜዳውን አየ፣ እኔን አየ።

«አለኝ» አለ። «ይሄው ሁላችሁም ተቀምጣችኋል፣ ሜዳው ግን ድንጋይ ሞልቶበታል። ሕጉ ለሰው አምስት አምስት ነው። ይሄ ጉልበት ደግሞ አይታጠፍም፤ የእኔን እርስዎ ይልቀሙልኝ።»

ተነስቼ ወደ ሜዳው ገባሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ አሥሩንም ለቀምኩ።